ቄጠማው ለምን ወደ ልቅሶ ቤት ገባ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። እናቴ ዘንድሮ በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ዐረፈች። ሳምንቱ ሕማማት ስለሆነ ጸሎተ ፍትሐት ሳይደረግላት ተቀበረች። ቅዳሜ ጠዋት፣ ገና ድንኳኑ ሳይነቀል፣ የደብራችን ካህን ቄጠማ ይዘው፣ ቃጭል እያስመቱ፣ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ፣ ትንሣኤሁ አግሀደ» እያሉ ወደ ቤታችን ገቡ። ቄጠማውን ሲሰጡኝ እጄን መዘርጋት አቃተኝ። ትናንት ከቀብር የተመለሰ ሰው ቤት የምን ደስታ ነው ብዬ ተቀየምሁ።

በዚያው ሰሞን አንዲት የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ የሆነች፣ የምትወደኝ ጎረቤቴ ልታጽናናኝ ተቀምጣ ሳለ በጨዋታ መካከል «እናንተ ጾምና በዓል ታበዛላችሁ፤ ወንጌሉ ግን የት አለ?» አለችኝ። ተቆጣኋት። ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰባቱን አጽዋማት እቆጥራለሁ፤ ከወሩ ቀናት የትኛው የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የጽዋ ማኅበር አለኝ፤ ጠበል አላጓድልም። ልጄ «ወንጌል ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ ግን በሦስት ዐረፍተ ነገር መመለስ አልችልም። ትንሣኤ ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰኝ ዶሮና ድፎ ዳቦ ነው። የያዝሁት ሁሉ ከንቱ ነውን? የቱን ልተው፣ የቱን ልያዝ? ደግሞም የእናቴ አርባ በበዓለ ኀምሳ ውስጥ ይውላል፤ ለነፍሷ በየቀኑ መቶ ስግደት ልሰግድላት ተስዬ ነበር። ይፈቀድልኛል?

እኅትዎ፣ ከደሴ

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እኅቴ። የእናትሽን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን።

ከጻፍሽው ሁሉ ልቤን የያዘው ቄጠማው ነውና ከእርሱ ልጀምር። በቅዳም ሥዑር ቄጠማ የሚታደለው፣ አባቶች እንዳስተማሩን፣ ርግቧ ለኖኅ ለምለም ቅጠል ይዛለት መመለሷን በማሰብ ነው። ርግቧ ያን ቅጠል ስታመጣ ምድሪቱ ገና አልደረቀችም ነበር። ኖኅም ከመርከቡ አልወጣም፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ጠብቋል። በእጁ ላይ ያለችው አንዲት ለምለም ቅጠል ግን የጥፋት ውኃ ማለቁን ነገረችው። እንግዲህ ይህ ምልክት የሚያስፈልገው ማን ነው? ዶሮው ተገዝቶ፣ ጠላው ተጠምቆ ሌሊቱን የሚጠባበቀው ቤት ነው ወይስ የእናንተ ቤት? የትንሣኤን ዜና መጀመሪያ የሰሙት ሽቱ ይዘው በማለዳ ወደ መቃብር የሚሄዱ ሴቶች ነበሩ። ለበዓል አልተዘጋጁም። በመንገድ ላይ የሚነጋገሩትም «ድንጋዩን ከመቃብሩ ደጃፍ ማን ያንከባልልልናል?» እያሉ ነበር። ትንሣኤ የገባው እንዲህ ባለ ቤት በር ነው።

ካህኑን ግን ሙሉ በሙሉ አልከራከርላቸውም። ጎንበስ ብለው «በመስቀሉ ሰላምን አደረገ፤ ትንሣኤውንም ገለጠ፤ እናትሽንም ያስነሣታል» ቢሉሽ ኖሮ ቄጠማውን በሁለት እጅሽ ትቀበዪው ነበር። እኛ ቃሉን በግዕዝ እንለውና ቃጭሉን እየመታን ወደሚቀጥለው ደጅ እንሄዳለን። ሕዝቡም ዜማውን ያውቀዋል፤ ዜናውን ግን አይሰማውም። ያንቺ የሌሊት ጭንቀት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ጥፋቱም ያንቺ ብቻ አይደለም።

የራሴን ልንገርሽ። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ከጉባኤ ቤት በወጣሁ ሰሞን፣ በአንድ የገጠር ደብር የትንሣኤ ሌሊት እንዳስተምር ታዘዝሁ። የተማርሁትን ሁሉ በአንድ ሌሊት ላፈስሰው ተነሣሁ። ባሕረ ሐሳብን፣ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ አወረድሁ፤ ትንሣኤ ከመጋቢት 26 እንደማይወርድ፣ ከሚያዝያ 30 እንደማይወጣ፣ መጥቅዕና አበቅቴ እንዴት እንደሚወጡ ዘረዘርሁ። ከዚያ ዶሮዋ ለምን አሥራ ሁለት ብልት እንደምትሆን ተረጎምሁ። ከዚያ ደግሞ ሌሎች እምነቶችን በስም እየጠራሁ ነቀፍሁ፤ እልልታውም ያን ጊዜ በዛ። ጨርሼ ስወርድ አንዲት አሮጊት ነጠላዬን ያዙኝ። በእጃቸው አንድ ስንዝር የማትሞላ ጧፍ ቀርታለች፤ ሰሙ ጣታቸው ላይ ፈስሶ ደርቋል። «ልጄ፣ ጆሮዬ ከብዶኛል» አሉኝ፤ «ተነሥቷል አልህ?»

አላልሁም ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ትንሣኤ በዓል ተናግሬ ክርስቶስ ተነሥቷል አላልሁም። ባሕረ ሐሳብ ታላቅ ትምህርት ነው፤ ዛሬም አስተምረዋለሁ። በዚያች ሌሊት ግን እኒያ እናት ከቤታቸው የወጡት አበቅቴ ለመስማት አልነበረም።

አሁን ወደ ወንጌል እንምጣ። ወንጌል ምሥራች ማለት ነው፤ ብሥራት። ምሥራች የሚነገረው ስለሆነ ነገር ነው። ሰው «ወለደች!» ብሎ ሮጦ ሲመጣ የሚያደርሰው ወሬ ነው፤ ምክርና ትእዛዝ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በቅዳሴ ወንጌል ሊነበብ ሲል ዲያቆኑ ቁሙ ብሎ የሚያዘንም «ዜናሁ ለእግዚእነ»፣ የጌታችንን ዜና፣ አድምጡ እያለ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 15 ላይ ይህን ዜና በአራት ቃላት አስሮታል፦ ሞተ፣ ተቀበረ፣ ተነሣ፣ ታየ። «መጽሐፍ እንደሚል ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን ሞተ፣ ተቀበረም፣ መጽሐፍም እንደሚል በሦስተኛው ቀን ተነሣ፣ ለኬፋም ታየ።» ከዚያም የምስክሮቹን ስም ይዘረዝራል። ከአምስት መቶ ለሚበዙ ወንድሞች በአንድ ጊዜ መታየቱን ጽፎ፣ የሚበዙቱ እስከ አሁን አሉ ይላል። ሠላሳ ዓመት እንኳ ባልሞላው ነገር ላይ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው ሄዳችሁ ጠይቋቸው ማለቱ ነው።

ይኸው ጳውሎስ ቀጥሎ የሚናገረውን ደግሞ አብዛኞቻችን በፍጥነት እናልፈዋለን። «ክርስቶስም ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ናት፤ እስከ አሁን ድረስ በኃጢአታችሁ አላችሁ።» አስቢው። ክርስቶስ ካልተነሣ ሃምሳ አምስት ቀን የጾምነው ረሃብ ብቻ ነው። ስግደታችን የጉልበት ድካም፣ ቁርባናችን እንጀራና ወይን፣ ፍትሐታችን ለማይሰማ መጮህ ነው። ሐዋርያው ክርስትናውን በሙሉ በአንድ ምሰሶ ላይ አቁሞ፣ ይህ ከወደቀ ሁሉም ይወድቃል ለማለት አልፈራም። እኛ ግን አንዳንድ ጊዜ ምሰሶውን ትተን ስለ ጣሪያው ክዳን እንጨቃጨቃለን።

ለዚህ ነው ጎረቤትሽን ማኩረፍ የሌለብሽ። ያለችው ግማሹ ልክ አይደለም። ቅዳሴያችንን ብታዳምጥ ኖሮ ወንጌሉ የት እንዳለ ታገኘው ነበር። በጸሎተ ሃይማኖት ሞተ፣ ተቀበረ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሣ እንላለን፤ መደምደሚያው ላይም የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን እንላለን። በፍሬ ቅዳሴው ውስጥ መላው ሕዝብ በአንድ ድምፅ «ንዜኑ ሞተከ እግዚኦ ወትንሣኤከ ቅድስተ»፣ አቤቱ ሞትህንና ቅድስት ትንሣኤህን እንናገራለን፣ ይላል። «እንናገራለን» ነው የምንለው። የሃይማኖታችን ምሰሶዎች የሆኑት አምስቱ አዕማደ ምሥጢርም ከሥላሴ ጀምረው የሚያርፉት በትንሣኤ ሙታን ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ወንጌሉን አልጣለችውም።

ግማሹ ግን ልክ ነው፤ መስማት ያለብን እኛ ነን። እሑድ ጠዋት ወደ ደብርሽ ስትሄጂ ደጀ ሰላሙን ተመልከቺ። ወንጌል በሚነበብበት ሰዓት ቅጽሩ ግንብ ሥር ቆሞ ስለ ቤት ኪራይ የሚጫወተው ስንት ነው? ዘግይቶ ደርሶ በሩን ተሳልሞ፣ ጠበሉን ጠጥቶ፣ «ቤተ ክርስቲያን ደርሼ መጣሁ» የሚለውስ? እኔ መሳለሙን አልነቅፍም። ግን ደብዳቤ ተልኮለት ፖስታውን ስሞ ሳይከፍተው ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ይመስለኛል።

የቱን ልተው ብለሻል። ምንም አትተዪ። ይልቅ እያንዳንዱን ያዢና ሥሩን ተከትለሽ ቆፍሪ፤ ከጌታ ባዶ መቃብር አጠገብ ያደርስሻል።

ፍልሰታን እንውሰድ። ሕዝባችን እንደ ፍልሰታ በፍቅር የሚጾመው ጾም የለም፤ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ይጾሙታል። ምንድን ነው የምንጾመው ብለሽ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ሐዋርያት የእመቤታችንን ሥጋ ለመቅበር፣ ትንሣኤዋንም ለማየት የጾሙትን ሱባኤ ነው። ነሐሴ 16 የምናከብረው መነሣቷንና ማረጓን ነው። አባቶችም ሲናገሩት «ከመ ትንሣኤ ወልዳ» ይላሉ፤ እንደ ልጇ ትንሣኤ ማለት ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ሁለት ሳምንት የምንጾመው፣ የልጇ ትንሣኤ በእርሷ ላይ የደረሰበትን ቀን እየጠበቅን ነው። ይህን ያወቀ ሰው ፍልሰታን ይዞ ትንሣኤን ሊረሳ አይችልም።

ወይም የወሩን 23 ቀን። የቅዱስ ጊዮርጊስን ገድል ስንቱ ሰው ስለ ፈረሱና ስለ ዘንዶው ብቻ ያውቃል! ገድሉ ግን ሰማዕቱ ሦስት ጊዜ ሞቶ ሦስት ጊዜ እንደተነሣ ይናገራል፤ ሰማዕቱ ሞት ያላስፈራው ሞትን ያሸነፈውን ስላወቀ ነው። ሰማዕታትን የምናከብረው ለዚህ ነው። ሩቅም ሳንሄድ፣ በ2007 ዓ.ም. በሊቢያ ምድር ስለ ክርስትናቸው የተገደሉትን ወንድሞቻችንን አስቢ። ለሥራ ፍለጋ በረሃ ያቋረጡ ወጣቶች ነበሩ፤ አብዛኞቻችን በቅዳሜ ገበያ የምናገኛቸው ዓይነት ልጆች። መሥዋዕትነታቸው የተሰማው ሚያዝያ 11 ቀን ነበር። ዕለቱ እሑድ ነበር፤ ዳግም ትንሣኤ፣ ጌታ በተዘጋ ቤት ለደቀ መዛሙርቱ ዳግመኛ የታየበትን የምናስብበት። እናቶቻቸው ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄደው የሰሙት ስለ ተወጉ እጆችና ስለ ተወጋ ጎን ነበር። እኔ ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ዝም እላለሁ።

ጾሙስ? ብዙ ሰው የምንጾመው ሥጋ ክፉ ስለሆነ ይመስለዋል። ሥጋ ክፉ ቢሆን ኖሮ ጌታ ይዞት አይነሣም ነበር። ከትንሣኤው በኋላ ደቀ መዛሙርቱ መንፈስ ያዩ መስሏቸው ሲደነግጡ «መንፈስ ሥጋና አጥንት የለውምና እኔን ዳስሳችሁ እዩ» አላቸው፤ በዚያ ላይ የሚበላ ነገር አላችሁን ብሎ ከተጠበሰ ዓሣና ከማር ወለላ በፊታቸው በላ። ሉቃስ ይህን ሳያፍር ጽፎታል። ሥጋችንን በጾም የምንገራው ለዘለዓለም አብሮን የሚኖር ስለሆነ ነው፤ የሚጣል ዕቃማ ማን ይወለውላል? የነፍስ አለመሞትን ብቻ ይዘን የሥጋን መነሣት ከረሳን ክርስትናችን ጎደሎ ነው። በልቅሶ ቤት «ነፍስ ይማር» ማለታችን መልካም ነው፤ ግን ተስፋችን እዚያ ላይ አያበቃም።

አንድ ነገር ላይ ግን ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ እርሱ ነው። ቅዳሴ ሊያልቅ ሲል የቆራቢውን ሰልፍ ተመልከቺ። ሕፃናት በእናቶቻቸው ክንድ ላይ ሆነው ከፊት አሉ። ከኋላ ሽማግሎችና መነኮሳት ይከተላሉ። መካከሉ ባዶ ነው። ከአሥራ አምስት እስከ ስልሳ ዓመት ያለው ምእመን ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ሌሎች ሲቀበሉ ያያል። ዛሬ ዛሬ በወጣቶች ዘንድ እየተሻሻለ መሆኑን አይቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ቢሆንም ቁርባን ለሕፃንና ለአረጋዊ ነው የሚለው ልማድ ገና አልሞተም። ምክንያቱን ስትጠይቂ «አልበቃሁም»፣ «ወጣትነት አለ»፣ «ብቆርብና ብሳሳትስ?» ይሉሻል። ፍርሃቱ መልካም ነው፤ ያለ ንስሐ መቅረብ የሚያስፈርድ መሆኑን ራሱ ጳውሎስ ተናግሯል። ግን ፍርሃቱ ወደ ንስሐ አባት ሊያደርሰን ሲገባ፣ ሃምሳ ዓመት ከበሩ ውጭ አቆመን። ጌታ ደግሞ ትንሣኤን ከቁርባን ጋር አስሮ ተናግሯል፦ «ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ የዘላለም ሕይወት አለው፥ እኔም በመጨረሻው ቀን አስነሣዋለሁ።» ጠበል ሳያጓድል፣ ማኅበር ሳያስታጉል፣ ከዚህ ማዕድ የራቀ ሰው ትንሣኤን በሩቅ እያየ የሚሸኝ ነው። አንቺ በመጨረሻ መቼ ቆረብሽ? መልሱን ለእኔ አትጻፊልኝ፤ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው።

አሁን ወደ እናትሽ።

ፍትሐት አልተደረገላትም ብለሽ በሆድሽ የያዝሽውን ኀዘን አውጥተሽ ጣዪው። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት የማይደረገው ቤተ ክርስቲያን በዚያ ሳምንት ከጌታ ሞት በቀር የሌላ ሞት ስለማታስብ ነው። በዚያ ሳምንት የሚሞቱ ልጆቿን ግን አልረሳቻቸውም። በሆሣዕና ዕለት ጸሎተ ፍትሐት በሕዝቡ ሁሉ ላይ፣ ሰዎቹ በሕይወት ቆመው ሳለ፣ ይደረጋል። እናትሽ በሆሣዕና ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር? ከነበረች በእጇ ዘንባባ ይዛ፣ በገዛ እግሯ ቆማ፣ የራሷን ፍትሐት ሰምታለች። ሕመም አስቀርቷት ከነበረም ጸሎቱ የደረሰው ለእርሷም ነው። ማክሰኞ የሄደችው ተሸኝታ ነው። በተረፈ ደግሞ ከሕማማት ውጭ በፍትሐትና በቅዳሴ ስሟ ይነሣል፤ አርባዋም ገና ነው።

ስላለቀስሽም አትፈሪ። ጌታም በአልዓዛር መቃብር ፊት እንባውን አፍስሷል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ። ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች አትዘኑ አላለም፤ «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች» አትዘኑ ነው ያለው። ያንቀላፉት ብሎም ይጠራቸዋል፤ ያንቀላፋ ሰው የሚቀሰቅሰው አለና። እናትሽን ስትቀብሩ አስከሬኗ እንዴት እንደተደረገ አስተውለሻል? ራሷ በምዕራብ፣ እግሯ በምሥራቅ። የመለከቱ ድምፅ ሲሰማና ስትቆም ፊቷ ወደሚመጣው ጌታ እንዲሆን ነው። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ይዘው «ወዲህ አዙሩት» ሲሉ የሰማሽው እንደ ተራ ነገር ይሆናል፤ ሃይማኖት ግን በዚያ ሰዓት በአካፋ እየተጻፈ ነበር።

አርባዋን በተመለከተ፣ ቀኑን ቆጥሬዋለሁ፤ ቅዳሜ ይውላል፣ ከዕርገት አምስት ቀን ቀደም ብሎ። ተዝካር መታሰቢያ ማለት ነው። ጸሎቱና ቅዳሴው ይደረግላት፤ ለነዳያን የምትችዪውን አብዪ። ከዘመድ ተበድረሽ፣ ሰንጋ ጥለሽ፣ ሰፈሩ «አቤት ተዝካር!» እንዲል የሚደረገው ግን ለእናትሽ ምንም አይጨምርላትም፤ አንቺን ዓመት ሙሉ ባለዕዳ ያደርግሻል። ዘመድ ያማኛል ብለሽ ከሆነ ይማሽ። ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ልጅሽን ይዘሽ ወደ መቃብሯ ሂጂ፤ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20ን እዚያ ቆመሽ በአማርኛ አንብቢለት። ማርያም መግደላዊት ስታለቅስ የቆመችው በመቃብር ደጃፍ ነበር፤ ጌታን አይታው አትክልት ጠባቂ መሰላት፤ ያወቀችው በስሟ ሲጠራት ነው። ለሕፃን ልጅ ከዚህ የሚቀል ወንጌል የለም።

እስከዚያው ከአራቱ ወንጌላት መጨረሻቸውን አንብቢ፦ ማቴዎስ 28፣ ማርቆስ 16፣ ሉቃስ 24፣ ዮሐንስ 20 እና 21። አምስት ምዕራፍ ብቻ ነው። ስታነቢ ሐዋርያት በቀላሉ ያመኑ ሰዎች እንዳልሆኑ ታያለሽ፤ ሴቶቹ ሲነግሯቸው «ቅዠት መስሎ ታያቸው» ይላል ሉቃስ። በዚያ ዘመን ደግሞ የሴት ምስክርነት በአደባባይ የማይታመን ነበር። ታሪክ ፈጥሮ ሊያሳምን የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያ ምስክር አድርጎ ሴቶችን አይመርጥም ነበር።

ለልጅሽ ሦስት ዐረፍተ ነገር ብለሻል። እኔ እንዲህ እለው ነበር፦ «ሰው የሆነው አምላክ ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ እኛ ኃጢአት በመስቀል ላይ ሞተ። በሦስተኛው ቀን ከነሥጋው ተነሣ፤ ሞት ዳግመኛ አያገኘውም። በእርሱ አምነን፣ ተጠምቀን፣ ሥጋውን ደሙን ተቀብለን ብንኖር እኛንም ያስነሣናል፤ አያትህንም።» የመጨረሻዋን ቃል አትርሺ። ጎረቤትሽም በድጋሚ ብትጠይቅሽ ይህንኑ ንገሪያት፤ ቡና አፍልተሽ። እርሷም በክርስቶስ ትንሣኤ ታምናለችና፣ ስለ ሌላው ልዩነታችን የምትነጋገሩበት ቀን አይጠፋም።

የቀረው ስግደቱ ነው። አይፈቀድልሽም። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ጾም የለም፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙም፤ የንስሐ ስግደትም የለም። የስግደቱን ያጸኑት እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት፣ ጸሎተ ሃይማኖትን ያወረሱን 318ቱ አባቶች ናቸው፤ በእሑድና በእነዚህ ቀናት ቆማችሁ ጸልዩ ብለዋል። ስለትሽን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ከጰራቅሊጦስ በኋላ ሊያደርጉልሽ ወይም በምጽዋት ሊለውጡልሽ ይችላሉ። ለእናትሽ መጸለይሽን ግን አታቋርጪ። ጠዋት ስትነሺ ፊትሽን ወደ ምሥራቅ አዙሪ፤ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ብለሽ ጀምሪ፤ የክርስትና ስሟን ጥሪ። ቆመሽ።